የቃል ባላጋራ

ጡረታ የወጣሁ ሰሞን፣ ፍኖተ ሰላም ትምህርት ቤት የእኔን ክፍል የተረከበኝ ወጣት መምህር ጠላ ጋበዘኝ። ሁለተኛውን ጣሳ ከጨረስን በኋላ ደፈር አለና «ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ የእንግሊዝኛ ቃላትን በተቃራኒ በተቃራኒ ማስተማር ጊዜው አልፎበታል። አሁን ቃል የሚሰጠው በዐረፍተ ነገር ውስጥ ነው» አለኝ። ማሠልጠኛ ገብቶ የተማረውን ሁሉ ዘረዘረልኝ። እኔም ጠላዬን እየጠጣሁ አዳመጥኩት። ልጁ ልክ ነው። ተማሪዎቼ ከኋላዬ «ጋሼ ተቃራኒ» እያሉ ሲጠሩኝ የኖርኩ ሰው ነኝና የዘዴውን ጉድለት አላጣሁትም። ጉድለቱን ያየሁት ግን በፈተና ወረቀት ላይ አልነበረም፤ በአንድ ሰው ነፍስ ላይ ነው። ይህ ጠላ ቤት ተቀምጦ የሚነገር ነገር ስላልሆነ ዝም አልኩት። እዚህ ልጻፈው።

እኔ እንግሊዝኛ የተማርኩት ትምህርት ቤት ገብቼ አይደለም። በጣሊያን ዘመን፣ ከቡሬ ግማሽ ቀን በእግር በሚያስኬድ የገጠር ደብር፣ ጤፍ እያረምኩ ነው። ወደዚያ የሄድኩት ቅኔ ልቆጥር ነበር። የቅኔ መምህሬ መሪጌታ ጥበቡ ይባላሉ፤ እኛ ተማሪዎቻቸው ግን እንደ ወጉ «የኔታ» ነው የምንላቸው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፃቸው የሚያምር ሰው ነበሩ። በስቅለት ዕለት የእሳቸውን ድምፅ ለመስማት ከሌላ አጥቢያ ሰው ይመጣ ነበር።

የኔታ በጎልማሳነታቸው ኢየሩሳሌምን ሊሳለሙ በሱዳን በኩል ወጥተው ካርቱም ላይ ወባ ጣላቸው። ኢየሩሳሌምን ሳያዩ ብዙ ዓመት እዚያው ቀሩ። ያዳናቸው እንግሊዛዊ ሐኪም ወደዳቸውና ለሚመጡት ሐበሻ በሽተኞች አስተርጓሚ አደረጋቸው። የሐኪም ጥያቄ ደግሞ ሁልጊዜ ጥንድ ጥንድ ነው። ይሞቅሃል ወይስ ይበርድሃል? ተሻለህ ወይስ ባሰብህ? ደረቅ ነው ወይስ እርጥብ? የኔታ ወደ ቋንቋው በዚህ በር ገቡ፤ ከዚያ በኋላም ሌላ በር አልታያቸውም።

«ቃል እንደ ሰው ነው፤ ባላጋራውን ሳታውቅ እሱን አወቅሁት አትበል» ይሉኝ ነበር። ዛሬ በመጽሐፍ ተቃራኒ የምንለውን እሳቸው የቃል ባላጋራ ነበር የሚሉት።

እንግሊዝኛውን የጀመርነው ጣሊያን ቡሬ ላይ ምሽግ ሠርቶ ከተቀመጠ በኋላ ነው። አንድ ቀን አረም ላይ ሳለን ቀና ሳይሉ «ይህ ሰውዬ መውጣቱ አይቀርም። የሚያስወጣው ኸሱዳን በኩል ይመጣል። ያን ጊዜ አስተርጓሚ ያስፈልገዋል። እኔ አርጅቻለሁ፤ አንተ ያዘው» አሉኝ። ከሁሉ ተማሪ ለምን እኔን እንደመረጡ አልነገሩኝም። ቅኔ ስለማይሆንልኝ ይመስለኛል።

ብራናም ወረቀትም አልነካንም። በዚያ ዘመን ማንበብና መጻፍ የሚያውቅ ሰው በጣሊያን ዘንድ የተጠረጠረ ነው፤ የእንግሊዝ ፊደል ቤቱ የተገኘበት ሰው ደግሞ መመለሻ የለውም። ስለዚህ ትምህርቱ በቃል ሆነ፤ ለቆሎ ተማሪ ይህ ብርቅ አይደለም። ሁለታችን ጎን ለጎን ቁጢጥ ብለን ጤፉን እናርማለን። የኔታ አንድ ቃል ይጥላሉ፤ እኔ ባላጋራውን እመልሳለሁ። «ሆት» ሲሉ «ኮልድ»፣ «ዌት» ሲሉ «ድራይ»። ዜማውን የውዳሴ ማርያም አስመስለነዋል። በመንገድ የሚያልፍ ሰው ከመጣ የኔታ ዜማውን ሳይሰብሩ ወደ ዳዊት ይሻገራሉ። አላፊውም «የተባረኩ ናቸው፤ ሲሠሩም ይጸልያሉ» እያለ ይሄዳል።

ስሳሳት «መልስ!» ይሉኛል። ያልከውን መልሰህ ዋጥ፣ ትክክሉን አውጣ ማለታቸው ነው። በዚህ ነገር ምሕረት አያውቁም። እየበሉም ይሁን፣ ታመው ተኝተውም ይሁን፣ እንግዳ ፊትም ይሁን፣ የተጣመመ ቃል ጆሯቸው ከገባ ሳያቀኑት አያልፉም። አንድ እሑድ ዲያቆኑ ንባብ ቢስት ከቅኔ ማሕሌት ሆነው «መልስ!» ብለው ጮኹበትና ምእመኑ ሁሉ ደነገጠ። ቄሰ ገበዙ ከዚያ በኋላ ለአንድ ሰሞን አኮረፏቸው።

አንድ ቃል ሁለት ባላጋራ ሊኖረው እንደሚችል የገባኝ ቀን ደስታዬ ልክ አልነበረውም። «ላይት» አሉኝ፤ እኔ «ዳርክ» አልኩ፤ ብርሃንና ጨለማ። «ጥሩ» ብለው ባዶ እንስራ አንስተው አሳቀፉኝና «ይኸስ?» አሉኝ። ቀላልም በእንግሊዝኛ ላይት ነው ለካ፤ ባላጋራው «ሄቪ» ነው። «ኦልድ» ለሰው ሲሆን «ያንግ» ይገጥመዋል፣ ለጋቢ ሲሆን ደግሞ «ኒው»። የአጭር መንገድ ባላጋራ «ሎንግ» ነው፤ የአጭር ሰው ባላጋራ ግን «ቶል»። እኔ ቁመቴ ስለማያመረቃ ይህን አልረሳሁትም።

ባላጋራ የሌለው ቃል ደግሞ ያበሳጫቸው ነበር። «ሶልት» ማለት ጨው ነው፤ የጨው ባላጋራ ማነው? እኔ «ስኳር ነው» አልኳቸው። «ስኳር የሀብታም ጨው ነው እንጂ ባላጋራ አይደለም» አሉኝ። ስለ እናትም ተከራክረናል። እሳቸው የእናት ባላጋራ አባት ነው ሲሉ እኔ «አይ የኔታ፣ የእናት ባላጋራስ እንጀራ እናት ናት» ብላቸው ሳቃቸው አልቆም አለ። በመጨረሻ ባላጋራ ያጣንለትን ቃል ሁሉ ወዲያ ተውነው። እኔ በዚህ መንገድ የተማርኩት እንግሊዝኛ ሁለት ዳር ያለው መካከል የሌለው ነበር፤ ያን ጊዜ ግን አላወቅሁትም።

ለሁለት ሰው ብቻ የሆነ ቋንቋ ሰውን ከሰው ይለያል። ቤት ስሄድ እናቴ እያየችኝ «ልጄን ምን ለከፈብኝ?» ትላለች፤ አፌ አያርፍማ፤ እንጨት ስፈልጥም ውሃ ስቀዳም እያነበነብኩ ነው። የታጨችልኝ ልጅ ወላጆች «ድግምት ጀምሯል» ብለው አፈረሱት። ለማንም ማስረዳት አልችልም። ከጓደኞቼ ጋር ተቀምጬ የሚያስቅ ነገር ሲመጣልኝ በማያውቁት ቋንቋ ይመጣልኝና ብቻዬን እስቃለሁ። ከየኔታ በቀር የልቤን የሚያውቅ ሰው አልነበረኝም።

ከዚያ የአዋጁ ነገር መጣ። የቡሬው የጣሊያን ሹም የአገሩ ሰው የሚያምነው ድምፅ ፈለገና የኔታን አስጠራቸው። በገበያ ቀን፣ ገበያው መሃል ካለው ዋርካ ሥር ቆመው አዋጅ እንዲያነቡ ነው። ካላነበቡ ደብሩ ይቃጠላል ተባሉ። በደብሩ ግቢ ያኔ ከየመንደሩ ሸሽተው የተጠጉ ሽማግሌዎችና መነኮሳት ነበሩ። አዋጁ «ዱር ያለህ ሁሉ ጠመንጃህን አስረክበህ ግባ፤ ምሕረት ተደርጎልሃል» የሚል ነው።

የኔታ አነበቡ። እኔ ከሕዝቡ መሃል ቆሜ ሰምቻለሁ። ያ የስቅለት ድምፃቸው በገበያው ላይ ሲወርድ በግ ሻጩም እህል ሰፋሪውም ዝም አለ። ከሰሚዎቹ አንዱ ይርሳው የሚባል ሰው ነበር፤ ወንድሙ ግራዝማች አድማሱ የአካባቢው የአርበኞች አለቃ ናቸው። ይርሳው ዱር ውሎ ማደር ታክቶት፣ ልጆቹም ናፍቀውት ስሙን ሸሽጎ ገበያ ወርዶ ነበር። ንባቡ ሲያልቅ ወደ የኔታ ቀርቦ ጉልበታቸውን ሳመ። «የኔታ ካነበቡት እውነት ነው» ሲል በጆሮዬ ሰማሁት። ጠመንጃውን አምጥቶ አስረከበ። ሳምንት ሳይሞላው ጣሊያኖቹ ገደሉት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የኔታን ሰላም የሚል ሰው ጠፋ። ተማሪዎቻቸው አንድ በአንድ አኮፋዳቸውን እያነገቱ ወደ ሌላ ጉባኤ ሄዱ። በመንገድ ሲመጡ ያየ ሰው መንገድ ቀይሮ ይሄዳል። ግራዝማች አድማሱም ከዱር «የጣሊያን ቀን ያለፈ ዕለት ያን ደብተራ እዚያው ዋርካ ሥር አገኘዋለሁ» ብለው ላኩባቸው። ግራዝማች ቃላቸውን የማያጥፉ ሰው እንደሆኑ ሁሉ ያውቃል። የኔታ መልእክቱን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁና ማረማቸውን ቀጠሉ።

እኔ አልሄድኩም። በልቤ አንድ ሐሳብ ይዣለሁ፤ የሚመጣው እንግሊዝ ፈራጅ ይሆናል፣ እኔም አፉ እሆናለሁ፣ የኔታንም በቋንቋዬ አድናቸዋለሁ። ለዚህ ስል ቀን ከሌት አጠና ጀመር። ይህን ሐሳቤን ስነግራቸው የኔታ «ለራስህ ተማር እንጂ ለእኔ አትማር» አሉኝ። ይርሳውን በሚመለከት ግን በመካከላችን አንዲት ቃል አልተነገረችም። እሳቸው አያነሱትም፤ እኔም መጠየቅ ፈራሁ። አብረን እየዋልን እያንዳንዳችን ብቻችንን ነበርን።

ቀኑ ደረሰ። የመድፍ ድምፅ ለጥቂት ቀናት ከቡሬ በኩል ሲያጉረመርም ሰነበተና ጣሊያኖቹ ምሽጉን ለቀው ሄዱ። አርበኞችና ጥቂት ወታደር የያዘ አንድ እንግሊዛዊ መኮንን ከተማው ገቡ። ነጠላዬን አጣጥፌ ከመኮንኑ ፊት ቆምኩ። ከየኔታ አፍ በቀር ያንን ቋንቋ ከማንም ሰምቼው አላውቅም። መኮንኑ ቀና ብሎ «ጉድ ሞርኒንግ» አለኝ። እንደምን አደርክ ማለቱ ነው። እኔ ግን የለመደው አፌ ቀደመኝና ለጉድ ባድን፣ ለሞርኒንግ ኢቭኒንግን አቀብዬ «ባድ ኢቭኒንግ» አልኩት። ጠዋት በጠዋት ክፉ ምሽት ተመኘሁለት ማለት ነው። መኮንኑ መጀመሪያ አፍጥጦ አየኝ፤ ቀጥሎ በሳቅ ፈረሰ። ያው ሌላ ሰው ስላልነበረው በዚያው ቀን ተቀጠርኩ። ደመወዙ ዱቄትና ያረጀ የወታደር ካፖርት ነበር።

በማግስቱ ግራዝማች አድማሱ የኔታን ይዘው መጡ። እጃቸውን ወደ ኋላ ታስረው ነበር። ዋርካው ሥር መኮንኑ በጥይት ሣጥን ላይ ተቀምጧል፤ የከተማው ሰው ከቦ ቆሟል። የመኮንኑ ሥርዓት አጭር ነው። ወዳጅ የተባለ ይለቀቃል፤ ጠላት የተባለ ከምርኮኞቹ ጋር በቆላው መንገድ ወደ ሱዳን ይነዳል። የኔታን የሚያህል ሽማግሌ ያንን መንገድ በእግሩ ሄዶ እንደማይዘልቀው ለማንም ግልጽ ነው።

ግራዝማች ከሰሱ። «ይህ ሰውዬ እዚህ ቦታ ላይ ቆሞ የውሸት አዋጅ አነበበ። ወንድሜ ድምፁን አምኖ ገባና ሞተ። እኔ የምለው ይኸው ነው» አሉ። እኔ እንደምንም ተረጎምኩት። ማንበብ፣ ውሸት፣ ወንድም፣ ሞት፤ እነዚህ ቃላት ነበሩኝ።

መኮንኑ «ሲያነብ ውሸት መሆኑን ያውቅ ነበር ወይስ አያውቅም ነበር?» ብሎ ጠየቀ። ለየኔታ በአማርኛ ነገርኳቸው። ጥያቄውን ከእኔ ቀድመው እንደሰሙት አውቃለሁ፤ ግን ተከሳሽ ናቸውና በአስተርጓሚው ወግ ጠበቁ። ከዚያ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ እንዲህ አሉ፦ «ጠርጥሬ ነበር። ደብሩ እንዳይቃጠል ብዬ ጥርጣሬዬን ዋጥኩት። አነበብኩም።»

ያሉኝን የእንግሊዝኛ ቃላት በልቤ ቆጠርኩ። «ማወቅ» አለኝ፤ «አለማወቅ» አለኝ። «ትሩ» አለኝ፣ «ፎልስ» አለኝ። «ብሬቭ» አለኝ፣ «ካዋርድ» አለኝ። መጠርጠር የለኝም። አውቆም ሳያውቅም የቆመን ሰው የምናገርበት አንድ ቃል ሳላይ ነው ያደግሁት። መኮንኑ እርሳሱን በሣጥኑ ላይ እያንኳኳ «የስ? ኖ?» አለኝ። ከሁለቱ ዳር አንዱን መያዝ ነበረብኝ። የትኛውን እንደምይዝ ደግሞ ጤፉ ማሳ ላይ ሳለሁ ወስኜ ጨርሻለሁ። «ሂ ኖት ኖው። ሂ ፍሬንድ» አልኩ። አያውቅም ነበር፤ ወዳጅ ነው።

መኮንኑ ራሱን ነቀነቀ። «ፍቱት» እንደማለት እጁን ወዘወዘ። በደስታ ገመዳቸውን ልፈታ ዘወር ስል ከጎኔ ያ የማውቀው ድምፅ «መልስ!» አለ።

የሰማሁትን ማመን አቃተኝ። ሕዝቡ አልገባውም። የኔታ ፊቴን ሳያዩ ደገሙት። «መልስ፣ ልጄ።» እኔ አንገቴን ደፍቼ «የኔታ፣ ስለ እመቤታችን ይተዉኝ» አልኳቸው። እሳቸው ግን ወደ መኮንኑ ዘወር ብለው፣ ከካርቱም ወዲህ ለባዕድ ተናግረውት በማያውቁት እንግሊዝኛ፣ «አይ ዳውትድ» አሉ። «አይ ዳውትድ፣ ኤንድ አይ ሬድ።» ዳውት የሚለውን ቃል ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ የሰማሁት። ጠረጠርኩ፤ እየጠረጠርኩም አነበብኩ ማለታቸው ነበር።

መኮንኑ ብድግ አለ። የተናደደም የተደሰተም ይመስላል። ይህን ያህል የሚናገር ሰው እያለ እኔን ለምን እንደያዘ ሳይገርመው አልቀረም። «ከእኔ ጋር ና፤ አስተርጓሚዬ ትሆናለህ» አላቸው። እሱ ክሱን እዚያው ረስቶታል። የኔታ «ኖ» አሉ። መኮንኑ ሲጠብቅ አዩና ለእኔ በአማርኛ «ለአንዱ መንግሥት ድምፄን አውሼ ሰው ሞቷል። ለሌላው አላውስም በለው» አሉኝ። ይህን ያለ ስህተት ተረጎምኩ። መኮንኑ ትከሻውን ነቀነቀና ለግራዝማች «በአገራችሁ ልማድ ጨርሱት» ብሎ ወደ ድንኳኑ ሄደ።

ግራዝማች አድማሱ ጠመንጃቸውን ተደግፈው ለረጅም ጊዜ የኔታን ተመለከቱ። በመጨረሻ «ፍቱት» አሉ። «ደብርህ ግባ። አዋጅ አታንብብ፤ ተማሪ አትሰብስብ። ሰውም ሰላም እንዳይልህ። ይኸ ይብቃህ» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። የኔታ ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ።

እስከ ወንዙ ድረስ ሸኘኋቸው። ግራዝማች ሐሳባቸውን ለውጠው ከኋላ ይመጣሉ ብዬ እየዞርኩ አያለሁ። ወንዙ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው እጃቸውን ታጠቡና «ዛሬ ተመርቀሃል» አሉኝ።

«በተሳሳትኩበት ቀን፣ የኔታ?»

«ተማሪ የሚመረቅ መምህሩ የሚሰጠው ሲያልቅበት ነው። እኔ ጨረስኩ።»

በቅኔ ቤት ወግ የተመረቀ ተማሪ በመምህሩ ደጅ አይቀመጥም፤ ወጥቶ የራሱን ወንበር ይፈልጋል። ሊያባርሩኝ እንደሆነ ገባኝ። የተጣለባቸው ቅጣት እኔን እንዳይነካኝ ነው። «ማን ያነጋግርዎታል?» ብዬ አለቀስኩ። «እግዜር አለ፤ አንተ ሂድ» አሉኝ። ከዚያ ያንን ቃል ለምን እንዳላስተማሩኝ ጠየቅኳቸው። «ባላጋራውን ፈልጌ አጣሁት» አሉ። «እምነት ነው እንዳልል፣ የሚያምንም ሰው ይጠረጥራል።» ባርከውኝ ወንዙን ተሻገሩ። ዞር ብለው አላዩኝም።

ከመኮንኑ ጋር ደብረ ማርቆስ ድረስ ዘለቅሁ። እንግሊዞቹ ሲሄዱ በአውራጃ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ሆንኩ፤ በኋላ መምህር በጠፋ ጊዜ እንግሊዝኛ ይችላል ተብዬ ወደ ትምህርት ቤት ተላክሁ። ዱርቤቴ፣ መራዊ፣ ቡሬ፣ በመጨረሻም ዛሬ ፍኖተ ሰላም የምንላት ከተማ። አለቆቼ ደግም ክፉም ነበሩ፤ ደመወዙ እንደሚታወቀው ነው። ቋንቋውን በደንብ ያወቅሁት በነዚያ ዓመታት ከመዝገበ ቃላት ጋር ብቻዬን ተቀምጬ ነው። ለተማሪዎቼ ግን ያው በጥንድ በጥንድ ማስተማሬን አልተውኩም፤ ሌላ የመምህር ድምፅ በጆሮዬ የለማ። የኔታ መሞታቸውን ዱርቤቴ ሳለሁ ከአንድ እህል ነጋዴ ሰማሁ። እንዴት እንደሞቱ አልጠየቅሁትም። ግራዝማች ገድለዋቸው ይሆናል የሚለው ሐሳብ ለብዙ ዓመት ሲበላኝ ኖረ፤ ወደዚያ ደብር ግን እግሬ አልደፈረም።

ፍኖተ ሰላም ሳለሁ አንድ ቀን ቤቴ በር ላይ አንድ ሽማግሌ ቆመው አገኘሁ። ግራዝማች አድማሱ ነበሩ። ለመሬት ክርክር ፍርድ ቤት መጥተው ስሜን ሰምተው ነው። አስገባኋቸው። ቁጭ ብለው ብዙ ቆዩና «አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው የመጣሁ። ያን ቀን ለፈረንጁ አያውቅም ነበር አልከው፣ አይደል?» አሉኝ።

«አዎን» አልኩ። «ግራዝማች እንግሊዝኛ ያውቃሉ እንዴ?»

«ምን አውቃለሁ! ጠርጥሬ ነበር ሲሉ ባማርኛ ሰማሁ፤ ፈረንጁ ደግሞ አንተን ሰምቶ ፈገግ አለና እጁን ወዘወዘ። መምህርና ተማሪ በማላውቀው ቋንቋ ተመካክረው የወንድሜን ደም አሾፉበት አልኩ። ለቀውት ይሂድ፣ እወንዙ ላይ እቀድመዋለሁ ብዬ ተከታዮቼን በዓይኔ ጠቅሼ ነበር። ኋላ መልስ አሉህ። በራሳቸው ላይ! ኸዚያ ወዲያ እጄ እንዴት ይነሳል?»

ላድናቸው ብዬ የተናገርኩት ቃል ሊገድላቸው ነበር ማለት ነው። እሳቸውን ያዳናቸው፣ እንዲተዉት የለመንኳቸው ያ «መልስ» ነው።

«ታዲያ እንዴት ሞቱ?» አልኩ።

«ብቻቸውን» አሉ ግራዝማች። «ሰው ሰላም እንዳይላቸው ብዬ የነበረ እኔ፣ ከክረምቱ በኋላ በልቤ ሽሬው ነበር። ግን ቃሌን አውጥቼ አልሻርኩትም፤ ኩራት ያዘኝ። ሰውም እኔን ፈርቶ አላናገራቸውም። ሲሞቱ የሚቀብራቸው ጠፋ። ኸቄሱ ጋር ሁኜ መቃብር ያስገባኋቸው እኔ ነኝ። ጉድጓዱንም የቆፈርኩ እኔው።» ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። «አንተን ጠብቄ ነበር። ልጃቸው እንደሆንክ አውቃለሁ። ምነው ቀረህ?»

«መርቀው ሰደዱኝ» አልኳቸው።

«መመረቅ አለመጠየቅ ነው እንዴ?» አሉኝ። በቁጣ አልነበረም፤ የምር ሊያውቁ ፈልገው ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አብረን ወደ ደብሩ ሄድን። መቃብሩ ከግቢው አጥር ጥግ ነው፤ ሣር ወርሶታል፤ ግራዝማች ግን ድንጋዩን ሳይሳሳቱ አሳዩኝ። ትንሽ ቆምን። ከዚያ ትከሻዬን ነካ አድርገው «በል አንተ አጫውታቸው፤ እኔ በር ላይ እጠብቅሃለሁ» ብለው ሄዱ። ድንጋዩ አጠገብ ቁጭ አልኩ። መናገር ሞከርኩ፤ በየትኛውም ቋንቋ አልወጣልኝም። ሳሩን እየነቀልኩ አለቀስኩ፤ ግራዝማችም ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ሳይጠሩኝ ጠበቁኝ።